ከቡና መጋዘን የወጣ የአውሮፕላን ሞተር፦ ቮልስ የለመደ እጅ ይበቃዋል?

አጂፕ_ጋራዥ · እሑድ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቮልስ ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ሞተር አይቼ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። በዚህ ሳምንት ግን ደነገጥኩ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቡና ነጋዴ ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው። ልጆቻቸው መጋዘኑን ሲያጸዱ ከጆንያ ክምር ስር ሞተር ወጣ። አባትየው ከብዙ ዓመት በፊት የውሃ ፓምፕ ነው ተብለው በሐራጅ ገዝተውት፣ ቤት ሲደርስ ፓምፕ አለመሆኑን አይተው፣ በንዴት ጥግ አስጥለውት እዚያው ቀረ አሉ። ልጆቹ "ቮልስ ይመስላል፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ ከወሰድከውም ያንተ ነው" ብለው ጠሩኝ።

እውነትም ቮልስ ይመስላል። አራት ሲሊንደር፣ ሁለቱ በዚህ ሁለቱ በዚያ ተኝተው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። የፑሽ ሮዶቹ ቱቦ ሳይቀር እንደ ቮልስ ከስር ነው። ግን ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ! ዲናሞ የለ፣ ሞተሪኖ የለ፣ ዲስትሪቢዩተር የለ። ከኋላ ሁለት ጥቁር ሣጥን የመሰለ ነገር ተሰክቷል። የፊቱ ጫፍ ደግሞ እንደ ሾጣጣ ጠቦ ያልቃል። ታርጋው ላይ "ኮንቲኔንታል ኤ-65-8" ይላል። ጎግል ሳደርገው የአውሮፕላን ነው አለኝ።

ሐሳቤ ማስነሳት ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ ከየት ልጀምር?

ኪሎ_በስንት · እሑድ ማታ 2:52

ከሚዛን ጀምር 😂 አልሙኒየም ጥሩ ዋጋ ላይ ነው።

የደዶ_ልጅ · እሑድ ማታ 3:15

ወይኔ ወንድሜ! ይሄ እኮ ፓይፐር ከብ ላይ ያለው ሞተር ነው። ያቺ ቢጫዋ ትንሽ አውሮፕላን። 65 የፈረስ ጉልበት። ነገ ከሥራ በፊት መጥቼ ልየው? ከአባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳውን ስቆጥር ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ የአውሮፕላን ሞተር ግን አንድ ቀን በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ጡረታ_ላይ_ነኝ · እሑድ ማታ 4:05

ልጄ፣ እስካሁን አዙረኸዋል? ካላዞርከው እንዳታዞረው።

ዓመታት የቆመ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዟል። በጉልበት ስታዞረው ዝገቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ግድግዳውን ይፍቀዋል። መጀመሪያ ስምንቱንም ካንዴላ አውጣ። በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት አፍስስና ለጥቂት ቀን ተወው። ከዚያ በእጅህ ብቻ፣ በቀስታ።

ሁለተኛ። ጥቁሮቹ ሣጥኖች ማግኔቶ ናቸው። ባትሪ አይፈልጉም፣ ውስጣቸው ያለው ማግኔት ሲዞር ራሱ እሳት ያመነጫል። እዚህ ላይ የመኪና ልምድህን እርሳው። መኪና ላይ ሽቦ ሲበጠስ ሞተሩ ይጠፋል። እዚህ ግልባጩ ነው። የማጥፊያው ሥራ ማግኔቶውን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቶ ማፈን ነው። ሽቦው ከተበጠሰ የሚያፍነው የለም፣ ማግኔቶው ሁልጊዜ ሕያው ነው። ያንተ መጋዘን ውስጥ ሲንከባለል የኖረ ሞተር ሽቦ ደግሞ እንደሚኖረው እጠራጠራለሁ። ስታዞረው "ጠቅ!" የሚል ድምፅ ከሰማህ ማግኔቶው ተኮሰ ማለት ነው። በወጣትነቴ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "ጠፍቷል" ብሎ ፕሮፔለር ሲገፋ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ይጩህ ነው የምትለው ወይስ ይብረር? መልሱን ሳትነግረኝ አንድ ብሎን አትፍታ።

አጂፕ_ጋራዥ · ሰኞ ጠዋት 1:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አላዞርኩትም፣ ጥሎልኝ ትናንት መብራት ስለጠፋ ነው እንጂ አዞረው ነበር።

ይጩህ ይበቃኛል። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ሞተር ሞተር ነው፣ ይጩህና ይብረር ምን ለየው? ቮልስንም ደህና አድርገህ ከገጠምከው አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ድምፁን ሰምቼ ጤናውን አውቃለሁ፣ ደንበኞቼም የሚመጡት ለጆሮዬ ብለው ነው።

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ሰኞ ቀን 7:20

ጆሮህን አልናቅኩም። ልዩነቱን ግን ስማ።

ቮልስ 1300 በ4,000 ዙር 40 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይሄኛው በ2,300 ዙር ብቻ 65 ይሰጣል። ዙሩ ዝቅ ያለው ፕሮፔለሩ በቀጥታ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ስለሚታሰር ነው፣ መሃል ላይ ካምቢዮ የለም። በፍጥነት ካዞርከው የፕሮፔለሩ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት እየተጠጋ ጉልበቱ በጩኸት ያልቃል። ስለዚህ ጉልበቱን ከዙር ሳይሆን ከሆዱ ያመጣዋል። 2.8 ሊትር ነው፣ ከቮልሱ ከእጥፍ በላይ። የሲሊንደሩ ስፋት 98 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን ይሄን ሁሉ ዕቃ 77 ኪሎ አካባቢ አድርገህ ሥራው ስትባል፣ ከየቦታው ብረት እየቀነስክ ነው። የቀረው ብረት እያንዳንዱ ግራም ሥራ አለው። ትርፍ የለም።

ሌላው ደግሞ ቮልስ ሰኮሩ መንገድ ላይ ቢጠፋብህ ዳር ይዘህ ስልክ ትደውላለህ።

ኪሎ_በስንት · ሰኞ ቀን 7:31

ሰኮሩ ላይ ዳር መያዝም አውሮፕላን ከማሳረፍ ብዙ አይሻልም ጋሼ።

አጂፕ_ጋራዥ · ቅዳሜ ማታ 1:10

ሳምንት ሙሉ ዘይት ውስጥ ነበር። ዛሬ በእጄ ዞረ! ሩብ ዙር፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። ጋሼ እንዳሉት "ጠቅ" ብሎ አንዴ ሲተኩስ ሚስቴ ከኩሽና ወጥታ ምን ፈነዳ አለች።

የተገኘውን ልንገራችሁ። የአየር ማስገቢያው ውስጥ ተርብ የጭቃ ቤት ሠርታለች። በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል የቡና ገለባ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ደርቆ ማር የመሰለ ሙጫ ሆኗል። የዘይት ማጣሪያው ፊልተር አይደለም፣ ወንፊት ነው፣ ውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ።

አንድ ችግር። ዳዶዎቹ ቁልፍ እምቢ አሉኝ። ቁጥር 13 ሊገባ ይገባል ግን ይዞራል፣ ሁለት ዳዶ ጠርዙን በላሁት። 12 ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም።

ኪቶ_ላብ · ቅዳሜ ማታ 1:48

ሰላም፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመካኒካል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ወንድሜ ቁልፉን አስቀምጥ! አሜሪካ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ነገር በኢንች ነው። ያ ዳዶ ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊ። 13ቱ 0.3 ሚሊ ስለሚሰፋበት ጠርዙን እየላጨ ይዞራል። የኢንች ቁልፍ ፈልግ፣ መርካቶ የድሮ ጂፕ ዕቃ የሚሸጡት ጋ አይጠፋም።

ብልጭ የሚለውን ደግሞ በማግኔት ሞክረው። ማግኔት ካነሳው ብረት ነው፣ ከካም (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ወይም ከማርሽ የመጣ። ካላነሳው ከፒስተን ወይም ከቤሪንግ ነው። ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለህ ቀን ጻፍበት።

ለመለካት ስትደርስ ማይክሮሜትርና ቦር ጌጅ ይዤ እመጣለሁ። ለኔም ትምህርት ነው።

አጂፕ_ጋራዥ · እሑድ ቀን 9:00

እህቴ ተባረኪ፣ ማግኔቱ ግማሹን አነሳ ግማሹን ተወው። እና አሁን ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ለማንሳት እየታገልኩ ነው፣ ከሲሊንደሩ አልላቀቅ ብሏል። በመዶሻና በእንጨት እየመታሁ ነው፣ የሞቀ ውሃ ላፍስስበት?

ጡረታ_ላይ_ነኝ · እሑድ ቀን 9:04

ቁም!!!

ጡረታ_ላይ_ነኝ · እሑድ ቀን 9:11

ቴስታታውና ሲሊንደሩ አንድ ናቸው። አልሙኒየሙ በፋብሪካ ግሎ፣ ሲሊንደሩ ላይ እንደ ብሎን ተጠምዞ ገብቶ፣ ሲቀዘቅዝ ነክሶታል። አይለያዩም፣ ስለዚህ መሃላቸው ጋስኬትም የለም። ሲሊንደሩ እግሩ ስር ያሉትን ዳዶዎች ፈትተህ ከነቴስታታው እንዳለ ነው የምታወጣው። ፒስተኑ ሲወጣ ቢላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ወድቆ ብረቱን እንዳይመታ አንድ ሰው ይያዝልህ።

የኋላው ቀኝ ቁጥር አንድ ነው፣ የኋላው ግራ ሁለት፣ የፊት ቀኝ ሦስት፣ የፊት ግራ አራት። የምታወጣው ሁሉ ላይ ቁጥሩን በቀለም ጻፍ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-2-4 ነው። እንደ ቮልስህ 1-4-3-2 ብለህ ሽቦ እንዳታሰር።

አጂፕ_ጋራዥ · እሑድ ማታ 3:30

ወጡ! የደዶው ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ ሲሊንደር ሲያቅፍልኝ ዋለ። ሲሊንደር 1፣ 3 እና 4 ደህና ናቸው፣ ወለል ላይ ቀላል ዝገት። ቁጥር 2 ግን ጣሪያው ከሚያፈስበት በኩል ነበር መሰለኝ፣ በጥፍር የሚያዝ ጉድጓድ አለው። ካሙ ሁለት ቦታ ላይ ተቆራርሷል፣ ያ ነው ማግኔቱ ያነሳው።

ነገ ሁሉንም አጥባለሁ።

አጂፕ_ጋራዥ · ማክሰኞ ማታ 2:20

ይሄንን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

የናፍጣ ሞተር ብረት ስናጥብ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነው የምንነክረው። የከረመ ዘይት ፍርፍር አድርጎ ያወጣል። ለረዳቴ "ፒስተኖቹን ንከራቸው" ብዬው ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ በርሜሉ እንደ ሽሮ እየተንተከተከ ነው። እሳት የለውም እኮ! ሁለቱ ፒስተኖች ጠቁረው ተበሳስተው ወጡ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁን ምንም አላልኩትም።

ኪቶ_ላብ · ማክሰኞ ማታ 2:41

ልጁ ደህና ነው? መጀመሪያ እሱን ንገረን። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል፣ ሲበላው ደግሞ ሃይድሮጅን ነው የሚያወጣው፣ የተንተከተከው እሱ ነው። ሃይድሮጅን በሲጋራ እሳት ይፈነዳል። በርሜሉን አጠገቡ ማንም ሳያጨስ ደጅ አውጡት። ብረት ምንም አይሆንም፣ ለዚህ ነው እስከዛሬ ሠርቶልህ የኖረው።

አጂፕ_ጋራዥ · ማክሰኞ ማታ 2:47

ደህና ነው፣ ጓንት አድርጎ ነበር። በርሜሉም ወጥቷል።

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 4:30

ከአንድ ሰዓት በላይ መልስ ሳልጽፍ የቆየሁት ተናድጄ ነው።

እሺ። አልሙኒየም በነጭ ጋዝና በፀጉር ብሩሽ ነው የሚታጠበው። የሽቦ ብሩሽ አይነካውም፣ የጫረው መስመር ነገ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ካርቦኑ እምቢ ካለ በጠፍጣፋ እንጨት ፋቀው። አትቸኩል። ማን ነው የሚጠብቅህ? ብዙ ዓመት የኖረ ዕቃ ነው፣ ለአንድ ሳምንት ብሎ አይሞትም።

የደዶ_ልጅ · ረቡዕ ቀን 6:15

እኔ ግን ተስፋ አልቆርጥም። ፒስተን ከውጭ ይመጣል፣ ለዚህ ሞተር ዛሬም ዕቃ ይሸጣል፣ አይቻለሁ። ካምና ሲሊንደር 2 ይቀየር፣ ከዚያ ቀላል አውሮፕላን ሠርተን ለምን አንሰቅለውም? ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን አስታውሱ እኮ! በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገጣጥማ የበረረች። ጣሊያን ወስዷት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያኔ ከተቻለ ዛሬ ጅማ ላይ ምን ይከለክለናል?

ኪሎ_በስንት · ረቡዕ ቀን 6:22

ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላይ ሆነህ ስትነሳ ንገረኝ፣ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ከስር ፍራሽ አነጥፋለሁ።

አጂፕ_ጋራዥ · ረቡዕ ቀን 8:00

እኔም ልደብቃችሁ አልችልም፣ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ይጩህ ብዬ ነበር። ሲሊንደሮቹን ካጠብኩ ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት ሲበር አየዋለሁ።

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ረቡዕ ማታ 1:50

ፀሐይን ስትጠራ በደንብ ጥራት። ሞተሯ ዋልተር ቬነስ ይባላል፣ ሰባት ሲሊንደር እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተሰካ፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከሉድቪግ ቬበር ጋር ነው የሠሯት። ያቺ ከተማ ከፍታዋን ታውቃላችሁ፣ 65 ፈረስ ይዘው ቢሞክሩ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጅማ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ላይ ናት። አየሩ ሳስቷል። 65 የተባለው በባሕር ወለል ነው፣ እዚህ አዲስ ሞተር እንኳ ቢሆን ከ54 ብዙም አይበልጥ። ፀሐይ ስትከር ከዚያም ይወርዳል። ፕሮፔለሩም ክንፉም በዚያው በሳሳ አየር ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ኪሳራው ሦስት ቦታ ነው።

ሌላው እርጥበቱ። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን ሲተን ይቀዘቅዛል፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ በረዶ ይሠራል። በረዶ ለመሥራት ውጭ መብረድ የለበትም፣ የጅማ ክረምት ይበቃዋል። ለዚህ ነው ከማርሚታው ዙሪያ ሙቅ አየር የሚያመጣ ቧንቧ የሚገጠመው። ያንተ ሞተር ላይ ያ ቧንቧ የለም።

ከሁሉ በላይ ወረቀት። ይሄ ሞተር ስንት ሰዓት ሠራ? መቼ ተፈታ? ማን ፈረመ? አታውቅም። የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ የሌለው ሰው ቢገጥመው ማንም "ይብረር" ብሎ አይፈርምለትም፣ እኔም ፈቃዴ ካበቃ ቆይቷል። መዝገቡ የጠፋ ሞተር ግማሹ ጠፍቷል።

ግን ለመጮህም ቢሆን እንደሚበር አድርገህ ለካው። ፕሮፔለር ታስሮበት ሲዞር ፊቱ የሚቆም ሰው አለ።

ኪቶ_ላብ · ቅዳሜ ማታ 12:40

ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ዋልኩ። ሲሊንደሮቹን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ለካናቸው። አዲስ ሲሆን 3.875 ኢንች ነው። 1፣ 3 እና 4 ከሰንጠረዡ አልወጡም። ቁጥር 2 ከላይ 12 ሺኛ ኢንች ሰፍቷል፣ ከታች 4 ብቻ። ጉድጓዱ ባይኖርም ወድቋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለጋራዡ ሲሊንደር 4ን በጣቱ ዳብሶ "ይሄ ከሁሉም ያለቀው ነው" ብሎኝ ነበር። ከሁሉም ያላለቀው እሱ ሆኖ ተገኘ 😄 ጣቱን ሲያየው ነበር።

አጂፕ_ጋራዥ · ቅዳሜ ማታ 1:05

አጋለጥሽኝ። እውነቷን ነው። እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ጣት ነው እንጀራ የበላሁት። ቮልስ ላይ አልዋሸኝም ነበር፣ ወይም ዋሽቶኝ አላወቅሁም።

ጥያቄ። ሁለቱን የሞተር ግማሾች ስገጥም ሲሊኮን የትኛውን ልግዛ? ቀዩን ወይስ ግራጫውን?

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ቅዳሜ ማታ 2:30

አንዱንም። የሐር ክር ግዛ።

አልቀለድኩም። ኮንቲኔንታል ሁለቱን ግማሾች የሚያትመው በስስ ማጣበቂያና በቀጭን የሐር ክር ነው። ማጣበቂያውን እንደ ቀለም ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ ክሩን ከአንደኛው ግማሽ ጠርዝ ላይ ታስተኛለህ፣ ትዘጋለህ። ምክንያቱ ይሄ ነው። የክራንክ ሻፍቱ ቤሪንጎች የሚጨበጡት በሁለቱ ግማሾች መሃል ነው። ሲሊኮን ከቀባህ ግማሾቹ በሲሊኮኑ ውፍረት ይራራቃሉ፣ ቤሪንጉ ላልቶ ይቀራል። የተረፈው ደግሞ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፣ በዘይት መንገድ ሄዶ አንድ ቀዳዳ ይደፍናል። የትኛውን ቀዳዳ እንደሚመርጥ ደግሞ እሱ ያውቃል።

የዘይት ፓምፑን ስትገጥም ማርሾቹን በቫዝሊን ሙላ። ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያውን ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ሲነሳ ጌጁ ላይ የዘይት ግፊቱን ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ማየት አለብህ፣ በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ካልመጣ አጥፋ።

አጂፕ_ጋራዥ · ማክሰኞ ማታ 1:15

ሄርማታ መርካቶ ሄጄ ለልብስ ሰፊው "የሐር ክር ስጠኝ" ስለው "ለምን ዓይነት ልብስ?" አለኝ። "ለአውሮፕላን" አልኩት። ተናዶ አባረረኝ። በመጨረሻ ከእናቴ የጥልፍ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቅልል ተገኘ፣ ግን "ሲተርፍ መልስ" ብላኛለች።

ክራንክ ሻፍቱን አዲስ አበባ በአውቶቡስ በሰው ላኩት። አንድ ቶርኖ ቤት አሳይተው ባለሙያው በገመድ አንጠልጥሎ በመዶሻ መታው፣ እንደ ደወል ጮኸ፣ "ጤነኛ ነው፣ ስንጥቅ ቢኖረው ይታፈን ነበር" ብሎ ሒሳቡን ተቀበለ። ስለዚህ ክራንክ ሻፍት አለፈ ማለት ነው። ቀሪው ዕቃ መግዛት ብቻ ነው!

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 1:32

አላለፈም።

ደወል የሚያፍነው ለሁለት ሊከፈል የደረሰ ስንጥቅ ነው። ፀጉር የሚያህለው ስንጥቅ ድምፅ አይቀይርም። የሚገለጠው በማግኔት ነው። ክራንክ ሻፍቱን ማግኔት አድርገው፣ የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ያፈሱበታል፣ ስንጥቅ ካለ ብናኙ እዚያ መስመር ላይ ይሰበሰባል። በጥቁር መብራት (በአልትራቫዮሌት) ሲታይ አረንጓዴ ያበራል። ለአልሙኒየሙ ይሄ አይሠራም፣ እሱ በቀይ ቀለም ነው።

ሾጣጣው ጫፍ ላይ ፕሮፔለሩን የሚይዝ ቁልፍ የሚገባበት ቦይ አለ። እሱን ልዩ አድርገው እንዲያዩልህ ንገራቸው። የት እንደሚሠሩት በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

አጂፕ_ጋራዥ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ማታ 3:00

ፎቶው መጣ።

ከቦዩ ጥግ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ አረንጓዴ መስመር አለ። ስድስት ሚሊ ይሆናል። በዓይኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በጥፍሬ ሄጄበታለሁ፣ ምንም አይታወቅም። በመብራቱ ግን እንደ ሚስማር ጭረት ቁልጭ ብሏል።

ጋሼ ምን ይሆን ያመጣው?

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ዓርብ ማታ 3:25

አይዞህ ልጄ። ፕሮፔለሩ አንድ ቀን እየዞረ መሬት ነክቶት ይመስለኛል። ያኔ ፕሮፔለር ቀይረው፣ ዙሩን አዳምጠው፣ "ደህና ነው" ብለው ይሆናል። ሐራጅ ላይ እንዴት እንደደረሰም ይሄ ሳይነግረን አይቀርም።

የደዶ_ልጅ · ዓርብ ማታ 3:40

ሌላ መላ የለውም? በጥሩ ብየዳ? ስንጥቋ ትንሽ ናት እኮ።

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ዓርብ ማታ 3:44

የለውም። ብየዳ ብረቱን አግሎ ጥንካሬውን ያበላሸዋል፣ ከስንጥቁ ጎን ሁለት አዲስ ደካማ ቦታ ትፈጥራለህ። እዚያ ጫፍ ላይ ነው ፕሮፔለሩ የሚታሰረው። ሲበጠስ ፕሮፔለሩ ብቻውን ይሄዳል።

ኪሎ_በስንት · ቅዳሜ ጠዋት 3:10

ቀልዱን ትቼ። አዲስ አበባ የድሮ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። የክራንክ ሻፍቱን ፎቶ አሳየሁት፣ ጥሩ ብር ይከፍላል። ለጉንዳን ዓይን እንኳ የማይታይ ነገር ነው፣ ያው እሱም ለጌጥ ይሆናል የሚፈልገው። እስካሁን ያወጣኸውን ትሸፍናለህ፣ ትርፍም አለው።

አጂፕ_ጋራዥ · ቅዳሜ ጠዋት 3:35

ስንጥቁን ነግረኸዋል?

ኪሎ_በስንት · ቅዳሜ ጠዋት 3:37

ከጠየቀ እነግረዋለሁ።

አጂፕ_ጋራዥ · ቅዳሜ ማታ 2:00

ብሩ አላጓጓኝም ብል ውሸት ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው እያየሁት ዋልኩ። ያንን ሽማግሌ ፓምፕ ነው ብለው የሸጡላቸውን ሰዎች አሰብኩ። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉት ነበር?

ጡረታ_ላይ_ነኝ · ቅዳሜ ማታ 2:18

እኛ ቤት የወደቀ ክራንክ ሻፍት በደህናው ዕቃ አጠገብ አያድርም ነበር። ለሁለት ይቆረጣል። ከዚያ የሚፈልገው ይውሰደው።

አጂፕ_ጋራዥ · እሑድ ቀን 8:30

ጊሊዮቲን ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። በግራይንደር አርባ ደቂቃ ፈጀ፣ ሁለት ዲስክ በላ። ብረቱ ብረት ነው ለካ! የደዶው ልጅ አብሮኝ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ልብሱን አራግፎ ወጥቶ ሄደ፣ ማታ ግን ተመልሶ መጣ።

ዕቅዱ ይሄ ነው። ሲሊንደር 4ን ጎኑን ቆርጠን ቫልቩና ፒስተኑ ሲሠራ እንዲታይ እናደርጋለን፣ ኪቶ_ላብ ለተማሪዎቿ ትወስደዋለች። ሁለቱ ማግኔቶዎች ደህና ናቸው፣ የደዶው ልጅ አንዱን ከፍቶ እያጠና ነው፣ ትናንት እሳቱ ጣቱን መትቶት ጮኸ። ግማሾቹን ክራንክ ሻፍቶች ኪሎ_በስንት ነገ መጥቶ ይመዝን፣ በብረት ዋጋ።

ኪሎ_በስንት · እሑድ ቀን 8:41

እመጣለሁ። ቡና አፍላ፣ በጨው ይሁን።

ኪቶ_ላብ · እሑድ ቀን 8:55

የኢንች ቁልፎቹን እንዳትሸጣቸው፣ አደራ።

አጂፕ_ጋራዥ · እሑድ ቀን 9:10

አልሸጥም። የሐር ክሩን ግን ዛሬ ለእናቴ መለስኩላት። ጥቅልሉን ገልብጣ አየችውና "ምንም አልነካኸውም እኮ" አለችኝ።